መዝገቡ ይቀመጥ፣ ጥያቄው ይጓዝ

በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ መኝታ ክፍል ንጽሕና፣ ስለ ምግብ ቤት ሰልፍና ስለ ሥነ ምግባር ነው። ዛሬ እኔ ይዤ የቀረብኩት ርእስ ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ርእሱ በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሥራ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች ነው። በሙያው ቋንቋ «ሞባይል ኤጀንት» ይባላሉ፤ እኔ «ተጓዥ ወኪል» ብያቸዋለሁ። ስሙን አይታችሁ ብቻ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ እንዳትሄዱብኝ። ነገሩ የኛው የመምህራን ጉዳይ ስለሆነ ነው ብዕር ያነሣሁት።

መጀመሪያ ያጋጠመኝን ልናገር።

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠሩኝና «አንተ ወጣት ነህ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ ይህን ነገር ጨርስልን» አሉኝ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። የተማሪዎች መዝገብ በሙሉ ከነፎቶግራፉ ይላክ ይላል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ በየክፍሉ ከ10 ቀን በላይ የቀሩ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ነው። ልብ በሉ! የተፈለጉት ስምንት ቁጥሮች ናቸው። እንዲላክ የተጠየቀው ግን የ600 ልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት፣ የወላጅ ስምና የቤተሰብ ሁኔታ ነው።

ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አልነበረውም። መዝገቡን በፍላሽ ይዤ ወደ ከተማ ሄድኩና አንድ ኮፒ ቤት ገባሁ። መስመሩ እየጀመረ ይቋረጣል፤ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቋረጣል። ሲመሽብኝ ባለቤቱ «እዚሁ ማሽኑ ላይ ገልብጠህ ተወው፤ ሌሊት መስመሩ ሲሻል እልክልሃለሁ» አለኝ። ትቼው ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። በሦስተኛው ቀን ጧት 7ኛ ክፍል ስገባ የአንዲት ተማሪ ቦታ ባዶ ነበር። ለካ ጌም ሊጫወቱ ኮፒ ቤት የገቡ ልጆች ፋይሉን ከፍተውት ኖሯል። ከስሟ አጠገብ «አባት፦ አይታወቅም» የሚለውን አንብበው ግቢ ውስጥ በዚያ ይጠሯት ጀመር። ልጅቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀረች። ቀሪዎችን ለመቁጠር ስንል ሌላ ቀሪ ፈጠርን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ስምንት ቁጥር ለማግኘት መዝገቡ ሁሉ ለምን ይጓዛል? ቆጣሪው ራሱ ወደ መዝገቡ ቢመጣስ? ይህንኑ ይዤ ማንበብ ስጀምር፣ ለካ ጥያቄውን እኔ ሳልወለድ በፊት የጠየቁት ሰዎች ነበሩ።

ገጠር ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ እህል ተሸክመን ወደ ወፍጮ እንሄዳለን እንጂ ወፍጮው ወደኛ አይመጣም። ወፍጮው ከባድ ነው፤ አይነቀልም። በኮምፒዩተር ዓለም ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ወፍጮው፣ ማለትም ፕሮግራሙ፣ በጣም ቀላል ነው። እህሉ፣ ማለትም መረጃው፣ ከባድ ነው። እስቲ በሂሳብ እንየው። የዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ ከነፎቶግራፉ 100 ሜጋባይት ያህል ነበር። መስመሩ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ያስተላልፋል ብንል፣ 100 ሜጋባይት 800,000 ኪሎቢት ስለሆነ 12,500 ሴኮንድ ይፈጃል። ይህ ማለት ሳይቋረጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከ10 ቀን በላይ የቀሩትን የሚቆጥር ፕሮግራም ግን 40 ኪሎባይት ቢሆን፣ በዚያው መስመር በ5 ሴኮንድ ይደርሳል። የሚመለሰው መልስ ደግሞ ስምንት ቁጥር ነው፤ ከአንድ ሴኮንድ በታች ይበቃዋል። ሂሳቡ ሁልጊዜ እንዲህ አይወጣም፤ መረጃው ትንሽ፣ ፕሮግራሙ ትልቅ ከሆነ ወፍጮ ተሸክሞ አንድ ጣሳ ገብስ ፍለጋ መሄድ ይሆናል። ስለዚህ መምህር መጀመሪያ መዝኖ ነው የሚወስነው።

ተጓዥ ወኪል ከተራ ፕሮግራም የሚለየው ምኑ ላይ ነው? ሲጓዝ ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛ ትእዛዙን፣ ሁለተኛ እስካሁን የሰበሰበውን ውጤት፣ ሦስተኛ ሥራውን ከየት እንዳቆመ የሚያመለክት ማስታወሻ። አንዱ ማሽን ላይ ሥራውን ይጨርስና ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ እዚያም ካቆመበት ይቀጥላል። የላከው ሰው በዚህ ጊዜ ማሽኑን ዘግቶ ሊተኛ ይችላል። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ወኪሉ ካለበት ሆኖ ይሠራል፤ መስመሩ ሲመለስ ውጤቱን ይዞ ይመጣል። መብራትና መስመር በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪኩን ባጭሩ ላውሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቦብ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ «ክሪፐር» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ክሪፐር አርፓኔት በሚባለው መረብ ላይ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ በደረሰበት ሁሉ «ከቻልክ ያዘኝ» የሚል መልእክት ያሳይ ነበር። እሱን እያሳደደ የሚያጠፋ «ሪፐር» የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ሬይ ቶምሊንሰን ጻፈ። ዜሮክስ በሚባለው ኩባንያ የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል የነበሩት ጆን ሾክና ጆን ሀፕም በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሌሊት ሥራ ፈትተው የሚያድሩ ማሽኖችን ለሥራ የሚያሰማራ ፕሮግራም እንደ ሞከሩ ገልጸዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር። አንድ ሌሊት ግን ትንሹን ፕሮግራም እየሠራ ትተውት ቢሄዱ፣ ጧት ሲመለሱ ሕንጻው ውስጥ ያሉ ማሽኖች ቆመው ተገኙ። ሰው ማሽኑን ሲያስነሣ ፕሮግራሙ እንደገና ገብቶ እንደገና ይጥለዋል። ደግነቱ ለክፉ ቀን ያዘጋጁት የማጥፊያ ትእዛዝ ነበራቸው።

ተጓዥ ወኪልን ለገበያ ያቀረበው «ጄኔራል ማጂክ» የተባለ ኩባንያ ነው። «ቴሌስክሪፕት» የሚባለው ቋንቋው «ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ወኪሉ ይህን ሲያገኝ ከነጓዙ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል። የሚበልጠው ብልሃት ግን የይለፍ ፈቃዱ ነው። እያንዳንዱ ወኪል ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚወስን ፈቃድ ይዞ ይጓዝ ነበር። ኤ ቲ ኤንድ ቲ በ1994 በዚህ ቋንቋ የሚሠራ «ፐርሶናሊንክ» የተባለ አገልግሎት ከፈተ፤ በ1996 ዘጋው። በዚያው ጊዜ ገደማ በቶኪዮ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች «አግሌት» የተባሉ ወኪሎችን በጃቫ ቋንቋ ሠሩ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተረባረቡበት። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው እየቀዘቀዘ ሄደ።

ለምን ቀዘቀዘ? መልሱን ከመጽሐፍ ይልቅ ከጨዋታ ነው በደንብ የተረዳሁት። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል አምስት ልጆች ተሰበሰብን። አራታችን ማሽን ሆንን፤ እያንዳንዳችን የ20 ተማሪዎች ስምና የቀሩበት ቀን የተጻፈበት ደብተር ዘግተን ይዘን ተቀመጥን። አምስተኛው ልጅ ተጓዥ ሆነ። የያዘው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። በላይዋ ሦስት ትእዛዝ ተጽፏል፦ ከ10 ቀን በላይ የቀሩትን ቁጠር፤ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ላይ ደምር፤ ወደሚቀጥለው ሂድ። ስም መጻፍ አይቻልም። ወረቀቷ ዞራ ስትመለስ 14 የሚል ቁጥር ብቻ ነበረባት፤ አንድም ስም ከደብተሩ አልወጣም። ተደሰትን።

በሁለተኛው ዙር አንዱ ተንኮለኛ ጓደኛችን 8 ደርሶት የነበረውን ቁጥር ሹልክ ብሎ 80 አደረገው። ተጓዡም ላኪውም አላወቁም። በሙያው ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው፤ ወኪሉ ያደረበት ቤት ባለቤት አእምሮውን ከፍቶ ሊያነብ፣ ሊለውጥ ይችላል። መድኃኒት ፈለግን። እያንዳንዱ ማሽን ቁጥሩን ለብቻ ጽፎ ይፈርምበት፣ ማንም የሌላውን እንዳይነካ አልን። ይህ የሌላውን ቁጥር መለወጥን ይከላከላል። የራሱን ቁጥር አሳስቶ የሚጽፈውን ግን ፊርማ አያግደውም። እንግዲህ የሰው ታማኝነት በማሽን አይተካም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዙር የባሰ ነበር። ወረቀቷ ላይ «ከኔ ሁለት ቅጂ ጽፈህ ሁለቱንም ላክ» የሚል ትእዛዝ ጨመርን። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ሆኑ፤ በአሥረኛው ዙር 1,024 ይደርሱ ነበር። እዚያ ሳንደርስ ወረቀት አለቀብን። የሚቆጥር ጠፋ፤ ሁላችንም ቅጂ ጸሐፊ ሆንን። ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እያባዛ የሚጓዝ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ አንድ ማሽን ሲደርስ «ወንድሜ እዚህ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከሰባት ጊዜ አንዱን፣ አለ ቢባል እንኳ ይቀመጣል። ያቺ አንድ ሰባተኛ ናት ያጠፋችው። በዚያን ጊዜ በተሰጠው ግምት 6,000 ያህል ማሽኖች ተጎዱ። ሞሪስ በ1990 ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተበየነበት።

የሩቅ አገር ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ ፍላሻችሁን አውጡ። ከኮፒ ቤት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል፣ ከዚያ ወደ መኝታ ክፍል የሚዞረውና ማኅደሮቻችንን ወደ ባዶ አቋራጭ የሚለውጠው ቫይረስ ምንድን ነው? ያልጠራነው ተጓዥ ነው። ማን ላከህ ሳንለው በር ከፍተንለት ጓዳ አስገባነው።

ለማለት የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው። ተጓዥ ወኪል ያልተስፋፋው ጉዞው ስላልተቻለ ሳይሆን እንግዳና ባለቤት ስላልተማመኑ ይመስለኛል። በ1994 የአይ ቢ ኤም ሰዎች ዴቪድ ቼስ፣ ኮሊን ሃሪሰንና አሮን ከርሸንባውም ጉዳዩን መርምረው፣ የወኪሉን ጥቅሞች አንድ በአንድ ስናያቸው እያንዳንዱ በሌላ ዘዴ ሊገኝ ይችላል፤ ሁሉንም ባንድነት የሚሰጥ ግን ሌላ ዘዴ የለም ብለው ነበር። ሰው ታዲያ ምን መረጠ? የሚፈልገውን አንዱን ጥቅም ባነሰ ስጋት መውሰድን።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ አለቀ ደቀቀ! የሞተ ነገር ምን ያስለፈልፍሃል?» አለኝ። አልሞተም። ልጆቹ አሉ። ከ1995 ጀምሮ ድረ ገጽ በከፈትን ቁጥር ጃቫስክሪፕት የሚባል ፕሮግራም ከሩቅ መጥቶ በኛ ማሽን ላይ ይሠራል፤ የተሰጠችው ግን የእንግዳ ክፍል ብቻ ናት፣ ፋይላችን ውስጥ እንዳይገባ ይታጠራል። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። በ2004 የጉግል ሰዎች ጄፍሪ ዲንና ሳንጃይ ገማዋት ባሳወቁት «ማፕሪዲዩስ» በተባለው ዘዴ፣ በሺህ ማሽን ላይ የተበተነ መረጃ አንድ ቦታ ከሚከመር ሥራው መረጃው ወዳለበት ማሽን እንዲሄድ ይደረጋል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በስልክ መጻፊያ ላይ ቀጣዩን ቃል የሚገምተው ፕሮግራም ወደ ስልኩ ሄዶ እዚያው ተምሮ፣ የጻፍነውን ሳይሆን የተማረውን እርማት ብቻ ይዞ የሚመለስበት ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል። እነዚህ ሁሉ እንደ ክሪፐር ከቤት ቤት በራሳቸው አይዞሩም፤ ታጥረው፣ ተመዝነው፣ ወደታወቀ ቦታ ሄደው ይመለሳሉ። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘንድ «ኤጀንት» የሚለው ስም እንደገና ገኗል፤ የእነዚያም አብዛኞቹ ካሉበት ሆነው የሌላውን በር ያንኳኳሉ እንጂ ራሳቸው አይጓዙም።

አንድ አሠልጣኛችን ይህን ጽሑፍ ሳስነብባቸው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። «መልሱ ብቻ ወጣ ብለህ አትተኛ» አሉኝ። «በአንድ ክፍል ከ10 ቀን በላይ የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ‹1› የሚለው ቁጥር ራሱ ስም ነው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል።» እውነታቸውን ነው። በስልኩ እርማትም ቢሆን፣ ከእርማቱ ተነሥቶ ዋናውን መረጃ መልሶ ማግኘት የሚቻልበት ሁኔታ እንዳለ በ2019 ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ሲሆን «ከ5 በታች» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ነገ ሁላችንም የመዝገብ ጠባቂዎች ነን። አንዳችን ሳንቀር የልጆች ስም፣ ውጤትና የቤት ችግር በእጃችን ይገባል። መዝገብ ላኩ ሲባል ተሽቀዳድመን ከመላካችን በፊት «ጥያቄው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ስምንት ቁጥር ከሆነ ስምንት ቁጥር እንስጥ። የሚያስቆጥር ፕሮግራም ቢመጣልን ደግሞ አራት ነገር እንጠይቀው፦ ማን ላከህ? ምኑን ትነካለህ? ምን ይዘህ ትመለሳለህ? መቼ ትጨርሳለህ? አራቱን ያልመለሰ ደጅ ይደር። የበላይ መሥሪያ ቤቶችም እባካችሁ፣ ጥያቄያችሁን ላኩልን እንጂ መዝገባችንን አትውሰዱብን። እኛም ታምነን እንድንቆጥር፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣም ደብተሩን ከፍተን እንድናሳይ አድርጉን። ያ ተንኮለኛ ጓደኛችን 80 ብሎ እንደጻፈው የሚጽፍ መምህር ካለ፣ ምንም ዓይነት ኮምፒዩተር አያድነንም።

ለኮምፒዩተር ትምህርት ክፍላችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን የወረቀት ጨዋታ በማስተማሪያ ዘዴ ክፍለ ጊዜ አብረን እንሥራው። ማሽን አይፈልግም፤ መብራት አይፈልግም፤ አራት ደብተርና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። የ5ኛ ክፍል ልጅ ይገባዋል። ሦስተኛውን ዙር ስትሠሩ ግን ወረቀት ቆጥባችሁ ያዙ።

ያቺ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ተመልሳ መጣች። ከመሄዴ በፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች «ችግር የለም ቲቸር» አለችኝ። ችግር ግን ነበረ። እሷን የጎዳት መጓዝ ያልነበረበት መዝገብ ነው፤ እሱንም ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ተቃውሞም ሆነ እርማት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን በዚሁ ግድግዳ ላይ መልሱልኝ።

ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ